«ባለቤት የለውም» የሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ፦ ልቆይ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «ማስቶዶን ላይ አካውንት ከከፈትኩ ጥቂት ሳምንታት ሆነኝ። የገባሁት ‹ባለቤት የለውም፣ ሳንሱር የለም፣ መረጃህ የራስህ ነው› ተብዬ ነው። ገና ስጀምር ሰርቨር ምረጥ አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባኝ ከዝርዝሩ ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ነካሁ። አሁን የምጽፈውን የሚያየው ሰው የለም። የማውቃቸውን ሰዎች በስም ስፈልግ አላገኛቸውም። አንድ ፎቶ ለጥፌ ደግሞ የማላውቀው ሰው መጥቶ ‹መግለጫ ጻፍበት› አለኝ። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ አድሚኑ የግል መልእክቴን ማንበብ ይችላል መባሉ ነው። ታዲያ ነፃነቱ ምኑ ላይ ነው? ልቆይ፣ ወደ ብሉስካይ ልሂድ፣ ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ የተነገረዎትን እናስተካክል። ማስቶዶን ባለቤት የለውም የሚለው ትክክል አይደለም። እንዲያውም በሺዎች የሚቆጠሩ ባለቤቶች አሉት። ባለቤት የሌለው መረቡ በጠቅላላው ነው። እርስዎ የገቡበት ሰርቨር፣ ማለትም አካውንትዎ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር፣ ግን ወጪውን የሚከፍል፣ አድራሻውን በስሙ ያስመዘገበ፣ ሕግ የሚያወጣ ሰው ወይም ድርጅት አለው። ያ ሰው (አድሚን የሚባለው) ፖስትዎን ማጥፋት ይችላል። አካውንትዎን መዝጋትም ይችላል። ስለዚህ «ሳንሱር የለም» የሚለውም አያስኬድም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ አድሚን ከራሱ ሰርቨር ሊያስወጣዎት ይችላል፤ ከመረቡ ሊያስወጣዎት ግን አይችልም። ሌላ ሰርቨር ላይ አካውንት ከፍተው ከዚያው ሕዝብ ጋር መገናኘት ይችላሉ። የአንድ ኩባንያ ብቻ በሆነ ማኅበራዊ ሚዲያ ግን ከታገዱ ታገዱ ነው፤ ሌላ በር የለም።

የጠየቁት ሌላው ነገር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚሁ ነው። ሰው የማያይዎት፣ ፍለጋው የማይሠራልዎት፣ አድሚኑ መልእክትዎን ማየት የሚችለው፣ መረቡ የብዙ ትንንሽ ቤቶች ስብስብ ስለሆነ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ኢሜይልን ያስቡ። አንዱ ጂሜይል ይጠቀማል፣ ሌላው ያሁ፣ ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል። ሦስቱም ይጻጻፋሉ። ማንም «አንተ የእኛ ደንበኛ አይደለህም» ብሎ አይመልሳቸውም። የማስቶዶን ስምዎም እንደ ኢሜይል አድራሻ ሁለት ክፍል አለው፤ የእርስዎ መጠሪያ እና የሰርቨሩ አድራሻ። ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩበት የጋራ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) አክቲቪቲፐብ ይባላል። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በጃንዋሪ 2018 በይፋ ደረጃ አድርጎ አጽድቆታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማስቶዶንን ከዚያ ቀደም ብሎ በ2016 የጀመረው ኦይገን ሮችኮ የሚባል ጀርመን አገር የሚኖር ፕሮግራመር ነው።

በዚህ ፕሮቶኮል የሚሠራው ማስቶዶን ብቻ አይደለም። ፒክስልፌድ ለፎቶ ነው። ፒርቲዩብ ለቪዲዮ ነው። ሌሚ በርዕስ በርዕስ ለሚደረግ ውይይት ነው። ሁሉም በአንድነት ፌዲቨርስ ይባላሉ። በማስቶዶን አካውንትዎ የፒርቲዩብ ቻናል ፎሎው አድርገው አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ እዚያው ይደርስዎታል፤ ኮመንት ቢጽፉ ከቪዲዮው ሥር ይወጣል። ሌላ አካውንት መክፈት አያስፈልግም። ለእኔ የዚህ መረብ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ብዙ አዲስ ገቢዎች ግን ሳያዩት ይወጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግርዎ እንምጣ፤ ለምን ሰው አያይዎትም? ሁለት ምክንያት አለ።

አንደኛው፣ ማስቶዶን ላይ ፖስትዎን አንስቶ ለማያውቁዎት ሰዎች የሚገፋ አልጎሪዝም የለም። ዋናው ገጽ የሚያሳየው ፎሎው ያደረጓቸው ሰዎች የጻፉትን ነው፤ በጊዜ ቅደም ተከተል፣ አዲሱ ከላይ። ማንም ፎሎው ካላደረገዎት የጻፉት ነገር በራሱ ማንም ዋና ገጽ ላይ አይወጣም። ይህ ቅጣት አይደለም፤ አካውንትዎም አልተበላሸም።

ሁለተኛው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው፤ ጠጋ ብለን እንየው። እርስዎ «ለጥፍ» የሚለውን ሲጫኑ ሰርቨርዎ የተከታዮችዎን ዝርዝር ያያል። ተከታዮችዎ ያሉባቸው ሰርቨሮች ስድስት ከሆኑ ለእነዚያ ስድስት ሰርቨሮች ቅጂ ይልካል። ተከታይ ከሌለዎት ለማንም አይልክም። ሌሎቹ ሰርቨሮች እርስዎ መኖርዎን እንኳ አያውቁም። በተቃራኒውም ያው ነው። የእርስዎ ሰርቨር የሚያውቀው እዚያ ካሉ ሰዎች መካከል ቢያንስ አንዱ ፎሎው ያደረገውን ወይም በሆነ መንገድ የደረሰውን ብቻ ነው። ጓደኛዎን በስም ሲፈልጉ ያላገኙት ለዚህ ነው። እሱ አለ፤ ሰርቨርዎ ግን አያውቀውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጓደኛዎ ሙሉ አድራሻውን፣ ማለትም መጠሪያውንና የሰርቨሩን ስም ይላክልዎት። ያንን እንዳለ መፈለጊያው ላይ ይለጥፉት። ሰርቨርዎ ሄዶ ያመጣዋል። ገጹ መጀመሪያ ባዶ ቢመስል አይደንግጡ። የድሮ ፖስቶቹ ወደ ሰርቨርዎ ስላልተቀዱ ነው። ፎሎው ካደረጉት ጀምሮ የሚጽፈው ይደርስዎታል። ከአንድ ፖስት ሥር ያሉ ኮመንቶች እርስዎ ጋ ሦስት፣ ሌላ ሰው ጋ አሥራ ሁለት ሆነው ቢታዩም ምክንያቱ ይኸው ነው። ሙሉውን ማየት ከፈለጉ ፖስቱን በተጻፈበት ሰርቨር ገጽ ላይ ይክፈቱት።

በቃላት መፈለግም እንደለመዱት አይደለም። ማስቶዶን የሌሎች ሰዎች ፖስት ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ መፈለግን ያመጣው በ2023 ሴፕቴምበር በወጣው 4.2 እትም ነው። ያኔም የሚፈለገው «ፖስቴ ይፈለግ» ብለው የፈቀዱ ሰዎች ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ሃሽታግ ማስዋቢያ አይደለም፤ ሰው የሚገናኘው በእሱ ነው። ስለ ፎቶግራፍ ከጻፉ ፎቶግራፍ የሚል ሃሽታግ ያድርጉበት። ሃሽታግን ራሱን ፎሎው ማድረግም ይቻላል፤ በዚያ ርዕስ የተጻፈው ወደ ገጽዎ ይመጣል።

ከላይክ ጋር በተያያዘም ልማድዎን መቀየር ይኖርብዎታል። እዚህ ላይክ ማለት ለጸሐፊው «ደስ ብሎኛል» ማለት ነው፤ ፖስቱን ወደ ተከታዮችዎ አይገፋውም። ፖስት የሚጓዘው በቡስት፣ ማለትም የሌላውን ፖስት ለራስ ተከታዮች በማካፈል ነው። የወደዱትን ነገር ሌላ ሰው እንዲያየው ከፈለጉ ቡስት ያድርጉት። የሰዎችን ጽሑፍ ቡስት የሚያደርግ፣ ኮመንት የሚጽፍ፣ የሚጠይቅ ሰው ቶሎ ተከታይ ያገኛል። ዝም ብሎ የራሱን ብቻ የሚለጥፍ ሰው ለወራት ብቻውን ሊያወራ ይችላል። አዲስ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ራሱን የሚያስተዋውቅ አንድ ፖስት። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚወዱ፣ ስለ ምን እንደሚጽፉ በአራት በአምስት መስመር ይጻፉ። የሚወዷቸውን ነገሮች ሃሽታግ ያድርጉ። ከዚያ ገጽዎ ላይ አያይዘው ያስቀምጡት። የገጽዎ ፎቶና መግለጫ ባዶ ከሆነ ብዙ ሰው አይከተልዎትም፤ ቦት ወይም ስፓም ነው ብሎ ያልፋል።

የፎቶው መግለጫ ጉዳይ። «መግለጫ ጻፍበት» ያለዎት ሰው ምናልባት አነጋገሩ አላማረም። የጠየቀው ነገር ግን ትክክል ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸውን የሚጠቀሙት በስክሪን ሪደር ነው። ስክሪን ሪደር ጽሑፍን ያነባል። መግለጫ የሌለው ፎቶ ጋ ሲደርስ ግን «ምስል» ብሎ ያልፋል። እርስዎ «እዩት እስኪ ይሄን!» ብለው ፎቶ ሲለጥፉ ለእነሱ የሚደርሳቸው «እዩት እስኪ ይሄን፤ ምስል» የሚል ነው። መግለጫው ረጅም መሆን የለበትም። «ነጭ ድመት ኮምፒዩተር ኪቦርድ ላይ ተኝታ፤ አንድ ዓይኗን ገልጣ ካሜራውን ታያለች» ቢሉ በቂ ነው። የጽሑፍ ፎቶ ከሆነ ጽሑፉን እንዳለ ይገልብጡት፤ ማስቶዶን እስከ 1500 ፊደል ያስገባልዎታል። እዚህ መረብ ላይ ብዙ ሰው መግለጫ የሌለውን ፎቶ ቡስት አያደርግም። ከአዲስ ገቢ የሚጠበቁት ልማዶች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም አጥብቄ የምደግፈው ይህንን ነው።

የሃሽታግ አጻጻፍም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች የየቃሉን መነሻ በትልቁ ፊደል ይጽፋሉ፤ ስክሪን ሪደሩ ቃላቱን ለይቶ እንዲያነባቸው ነው። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ሁለት ቃል ያለው ሃሽታግ ሲጽፉ በመካከላቸው የታች ሰረዝ ያድርጉ።

ሌላው የሚያጋጥምዎት ነገር የይዘት ማስጠንቀቂያ ነው። ጽሑፍዎን ሸፍነው ከላይ አንድ መስመር ብቻ ያስነብባሉ፤ ማየት የፈለገ ይከፍተዋል። የፊልም መጨረሻ ሲያወሩ፣ አሰቃቂ ዜና ሲያካፍሉ፣ ስለ ሕመም ሲጽፉ ይጠቅማል። አንዳንድ ሰርቨር ላይ ለፖለቲካና ለምግብ ፎቶ ሳይቀር ይጠበቃል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2022 መጨረሻ፣ ኢለን መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ ብዙ ሕዝብ ወደ ማስቶዶን ፈልሶ ነበር። ከመጡት መካከል ጥቁር ተጠቃሚዎች የደረሰባቸውን ዘረኝነት ሲጽፉ «ይህን በማስጠንቀቂያ ሸፍኑት» የሚል ምላሽ እየደጋገመ ገጠማቸው። ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ወጡ። ቅሬታቸው ትክክል ነበር። ማስጠንቀቂያ ጸሐፊው ለአንባቢው የሚያደርገው አሳቢነት ነው። የሌላውን ሰው ኑሮ ከዓይን ለማራቅ ሲጠቀሙበት አፍ ማዘጊያ ይሆናል። ሰርቨርዎ በዚህ ላይ ሕግ ካለው ያክብሩት። ከሌላ ሰርቨር መጥቶ የእሱን ቤት ሕግ ሊጭንብዎት ለሚሞክር ሰው ግን መታዘዝ የለብዎትም።

ይህ ባህል ከየት መጣ? ማስቶዶንን መጀመሪያ ከሞሉት ሰዎች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ስድብና ማሳደድ አስመርሯቸው የወጡ ናቸው። ስለዚህ ብዙው ነገር ጸጥታን ለመጠበቅ የተሠራ ነው። ለምሳሌ የሌላውን ሰው ፖስት ጠቅሶ በላዩ ላይ የራስን አስተያየት መጻፍ ለረጅም ጊዜ ሆን ተብሎ አልተፈቀደም ነበር። ሰውን ለመንጋ አሳልፎ መስጫ ይሆናል ተብሎ ነው። በ2025 ሲገባም ጸሐፊው ማን ሊጠቅሰው እንደሚችል እንዲወስን ተደርጎ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ አንድ ፕሮግራመር ፌዲቨርስንና ብሉስካይን የሚያገናኝ ድልድይ ሠራ። ያልፈለገ ሰው ራሱ እንዲወጣ፣ ሌላው ሁሉ ግን በቀጥታ እንዲገባ ነበር ያሰበው። ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሳ። በመጨረሻ ፈቃደኛ የሆነ ብቻ እንዲገባ አድርጎ ቀየረው። ከውጭ ለሚያይ ሰው የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ፖስቱ እኮ ለሁሉም ክፍት ነው። እዚህ ያለው ሰው ግን ክፍት መሆንና ያለ ፈቃድ ተወስዶ ሌላ ቦታ መቀመጥ የተለያዩ ናቸው ብሎ ያምናል። የሰዎችን ጽሑፍ የሚሰበስብ ወይም የሚያስስ ነገር ለመሥራት ካሰቡ አስቀድመው ይጠይቁ።

አሁን ስለ ግል መልእክቱ። የሰሙት እውነት ነው። ማስቶዶን ላይ «የግል» የሚባለው መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም። የሰርቨሩን ዳታቤዝ የሚቆጣጠር ሰው ማንበብ ይችላል። የእርስዎ አድሚን ብቻም አይደለም፤ የተቀባዩ ሰርቨር አድሚንም ቅጂው አለው። ብዙዎቹ አያነቡም። ግን የሚከለክላቸው ጨዋነታቸው ነው፤ ቴክኖሎጂው አይደለም። ያልተመሰጠረ መልእክት የሚያስተላልፍ ማንኛውም ትልቅ ኩባንያም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ጉድለቱ የማስቶዶን ብቻ አይደለም። ሆኖም እዚህ ያለው ሰው አንድ የማያውቁት በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ቀረብ ይላል።

ከአድሚኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ወጥመድ አለ። የግል መልእክት የሚባለው በአሠራሩ የተጠቀሱት ሰዎች ብቻ የሚያዩት ፖስት ነው። እርስዎ ለጓደኛዎ ስለ ሦስተኛ ሰው እያሙ የዚያን ሰው ሙሉ አድራሻ ከጻፉ፣ መልእክቱ ለእሱም ይደርሰዋል። ያንኑ ሐሜት ከፍቶ ያነበዋል። በግል መልእክት ውስጥ የሌላ ሰው አድራሻ በፍጹም አይጻፉ፤ በስሙ ብቻ ይጥሩት።

«ለተከታዮች ብቻ» የሚለው አማራጭም እንደሚመስለው አይደለም። አካውንትዎ ተከታይን ያለ ፈቃድ የሚቀበል ከሆነ ማንም ሰው ፎሎው የሚለውን ተጭኖ ገብቶ ማንበብ ይችላል። ትርጉም የሚኖረው ተከታዮችን እርስዎ እንዲያጸድቁ አድርገው ሲያስተካክሉት ነው። ማጥፋትም ገደብ አለው። አንድ ፖስት ሲያጠፉ ሰርቨርዎ ቅጂ ለላከላቸው ሁሉ «አጥፉት» የሚል መልእክት ይልካል። አብዛኞቹ ያጠፋሉ። በዚያ ሰዓት የማይሠራ ወይም ሕጉን የማያከብር ሰርቨር ግን ቅጂውን ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርዎት፤ ምስጢር የሆነ ነገር ማስቶዶን ላይ አይጻፉ። ለዚያ ሲግናል የሚባለው፣ መልእክትን የሚመሰጥር አፕ አለ።

ወደ ሰርቨር ምርጫ እንመለስ፤ የእርስዎ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሰርቨር ሲመርጡ የመረጡት ማን እንደሚዳኝዎት፣ ዳታዎን ማን እንደሚይዝ፣ ከማን ጋር መገናኘት እንደሚችሉ ነው። አንድ ሰርቨር ሌላውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይችላል። በጁላይ 2019 ጋብ የተባለው፣ የቀኝ አክራሪዎች መሰብሰቢያ በመሆን የሚታወቀው መድረክ የማስቶዶንን ኮድ ወስዶ ወደ ፌዲቨርስ ገባ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የማስቶዶን ሰዎች ሊከለክሉት አልቻሉም። ግን እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ዘጉት። አንዳንድ አፕ ሠሪዎችም በአፓቸው እንዳይከፈት አደረጉ። ጋብ ብቻውን ቀረ። ማዕከል የሌለው መረብ ራሱን የሚከላከለው እንዲህ ነው፤ ማንም አያባርርም፣ ግን እያንዳንዱ በሩን መዝጋት ይችላል።

ይህ ኃይል በንጹሕ ሰው ላይም ሊያርፍ ይችላል። አድሚንዎ ስድብን ዝም ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ሌሎች ሰርቨሮች ቤቱን በሙሉ ይዘጉታል፤ እርስዎም ምንም ሳያጠፉ አብረው ይዘጋሉ። በዘጉት ሰርቨሮች ላይ ያሉ ወዳጆችዎ ድንገት ከገጽዎ ይጠፋሉ። ሌላው ሰርቨር ሲዘጋዎት የሚነግርዎት የለም። በሌላ በኩል በጣም ጥብቅ የሆነ አድሚን ሊያነጋግሯቸው የሚፈልጓቸውን ሰዎች ሊዘጋብዎት ይችላል። የሜታው ማኅበራዊ ሚዲያ ስሬድስ በ2023 ተከፍቶ በ2024 በከፊል ከፌዲቨርስ ጋር መገናኘት ሲጀምር አንዳንድ ሰርቨሮች አስቀድመው ዘጉት፤ ሌሎች ተቀበሉት። ሁለቱም ወገን የሚያሳምን ምክንያት አለው። እርስዎ ግን ሰርቨርዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ አለብዎት።

ሰርቨር ሊሞትም ይችላል። አድሚኑ ገንዘብ ያልቅበታል፣ ይታክተዋል፣ ይታመማል። አንዳንዴ ምክንያቱ ማንም ያልገመተው ይሆናል። በ2024 ፌብሩዋሪ፣ የአፍጋኒስታን የአገር መለያ በሆነው ዶት ኤኤፍ አድራሻ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር አድራሻው በታሊባን መንግሥት ታገደበት። ኮምፒዩተሩ ደህና ነው፣ ዳታው አለ፤ አድራሻው ግን የለም። ያለ አድራሻ ደግሞ አካውንት የለም።

ስለዚህ የመጨረሻ ምክሬ ይህ ነው፦ ይቆዩ፣ ግን አሁን ካሉበት ሰርቨር ይውጡ። ብዙ ሳይጽፉ፣ ብዙ ተከታይ ሳያፈሩ ቢወጡ ይቀልዎታል።

አዲሱን ሰርቨር ሲመርጡ «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። መጀመሪያ ሕጎቹን ያንብቡ፤ ስድብንና ጥላቻን በግልጽ የሚከለክል መሆን አለበት። የዘጋቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ከነምክንያቱ ተለጥፎ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ወጪው በምን እንደሚሸፈን ይዩ፤ ማስታወቂያ ስለሌለ አብዛኞቹ የሚኖሩት በተጠቃሚዎች መዋጮ ነው። ከአንድ በላይ ኃላፊ ያለው ይሁን። በማስቶዶን ይፋዊ ገጽ ላይ የሚዘረዘሩ ሰርቨሮች ለመግባት የፈረሙት ቃል አለ፤ ዘረኝነትንና መሰል ጥቃቶችን መቆጣጠር፣ በየቀኑ ባክአፕ መያዝ፣ ቢያንስ ለአንድ ሌላ ሰው የአደጋ ጊዜ ቁልፍ መስጠት፣ ከመዘጋት በፊት የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት። ከዚያ ዝርዝር ላይ ቢመርጡ ይሻላል። መጠኑም መካከለኛ ይሁን። በጣም ትልቁ ላይ አድሚኑ አያውቅዎትም፤ ሁሉም እዚያ ከተሰበሰበም መረቡ ተመልሶ አንድ ቤት ይሆናል። በጣም ትንሹ ደግሞ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። የራስዎን ሰርቨር ልክፈት ብለው ግን አይነሱ። ስፓሙ፣ ጥገናው፣ ቅሬታው ቀላል ሥራ አይደለም።

አወጣጡ ቅደም ተከተል አለው። አዲሱን አካውንት ይክፈቱ። እዚያ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው የድሮው አካውንት የእርስዎ መሆኑን ይግለጹ። ከዚያ ወደ ድሮው ተመልሰው «ወደዚህ ተዛውሬያለሁ» ይበሉ። ተከታዮችዎ ራሳቸው ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። እርስዎ የሚከተሏቸውን፣ ብሎክ ያደረጓቸውንና ያስቀመጧቸውን ፖስቶች ዝርዝር ከድሮው በፋይል አውርደው አዲሱ ላይ ይጫኑት። የጻፏቸው ፖስቶች ግን አይዛወሩም፤ የድሮው ቤት ይቀራሉ። አንዴ ከተዛወሩ በኋላ እንደገና ለመዛወር 30 ቀን መጠበቅ አለብዎት። ዋናው ነገር፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው የድሮው ሰርቨር በሕይወት እያለ ነው። ከሞተ በኋላ ተከታዮችዎን የሚያዛውርልዎት የለም።

ብሉስካይስ? መጥፎ አይደለም፤ ግን ሌላ ነገር ነው። የተነሳው በ2019 ትዊተር ውስጥ በተጀመረ ፕሮጀክት ነው። አሁን ራሱን የቻለ ኩባንያ ነው፤ ያለ ግብዣ ለሁሉም የተከፈተው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። የሚሠራው ኤቲ ፕሮቶኮል በሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ስለሆነ ያለ ድልድይ ከማስቶዶን ጋር አይገናኝም። አገባቡ ቀላል ነው። ፍለጋው ይሠራል። ፖስት የሚደረደርበትን መንገድ ከብዙ አማራጮች ራስዎ ይመርጣሉ። የራስዎን ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) መጠሪያ ማድረግ ይችላሉ። ሲዛወሩ ፖስቶችዎም አብረውዎት እንዲሄዱ ተደርጎ ታስቧል፤ በዚህ ከማስቶዶን ይበልጣል። በተግባር ግን አብዛኛው ሰው ያለው ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። የግል መልእክቱም የሚያልፈው በኩባንያው በኩል ነው። ማንን ብሎክ እንዳደረጉ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ መፈለግ የቻለ ሁሉ ያየዋል። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። ከአሳዳጅ የሚሸሽ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ኖስተር የሚባልም አለ። እዚያ አካውንት የለም፤ ማንነትዎ አንድ የምስጢር ቁልፍ ነው። ማንነትዎን የሚዘጋ አድሚን የለም። ቁልፉ ከጠፋብዎት ግን የሚመልስልዎት የለም፤ ሌላ ሰው ካገኘው ደግሞ እርስዎን ሆኖ ይጽፋል። ለጀማሪ አልመክርም።

ሊያነጋግሯቸው የሚፈልጓቸው ሰዎች ብሉስካይ ላይ ካሉ እዚያም አካውንት ይክፈቱ፤ ሁለቱን መያዝ ይቻላል። ለንግድ ብዙ ተመልካች በፍጥነት ከፈለጉ ማስቶዶን ቦታው አይደለም። ማስታወቂያ የለውም፤ ሕዝቡም ማስታወቂያ አይወድም። በአንድ ርዕስ ላይ ረጋ ብሎ ከሚያወራ ሰው ጋር መተዋወቅ ከፈለጉ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ዛሬውኑ ማድረግ ያለብዎት አንድ ነገር አለ፤ ገና አዲስ ሰርቨር ባይመርጡም የማስተካከያ ገጹን ከፍተው የዝርዝሮችዎን ፋይል ያውርዱና ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።